ከካቡ ላይ የምታስቀምጠው ቅል

አያቴ ደግ ሴት ነበረች ብዬ ብጀምር፣ ከሰቆጣ እስከ ጽጽቃ የሚያውቃት ሁሉ ይስቅብኛል። ሠራተኛ ነበረች፣ እውነተኛም ነበረች። ደግነቷ ግን እንደ አገራችን ዝናብ ነው፤ ሲመጣ ይመጣል። ስትናደድ በኽምጣና ትራገማለች፣ ሲበርድላት በአማርኛ ትመርቃለች። እኔ ከሁለቱም ደርሶኛል። እወዳት ነበር፤ እፈራትም ነበር።

ከሰውም ከከብትም አብልጣ የምትሳሳለት ነገር ቢኖር የማሽላ ዘሯ ነው። ከእናቷ የወረሰችው፣ ቶሎ የሚደርስ ዘር ነው። እኛ ዘንድ ክረምት ዘግይቶ ይገባና ቀድሞ ይወጣል። አንድ ዓመት እናቴ ከገበያ የገዛችውን ዘር ብትዘራ፣ አገዳው ሰው አከለ፣ ፍሬ ሳይቋጥር ዝናቡ ሄደ። ፍየሎቹ ጠገቡ፤ እኛ በእርዳታ ስንዴ ከረምን። አያቴ "ፍየሎችሽ ይመርቁሽ" አለቻት። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ሌላ ማሽላ ተዘርቶ አያውቅም።

አጨዳ ከመጀመሩ በፊት ማሳው ውስጥ ብቻዋን ትገባለች። ዛላውን እያገላበጠች ትመርጥና ከምድጃው በላይ ትሰቅለዋለች፤ ጥቀርሻ እስኪለብስ እዚያው ይጨሳል። ከዚያ በእጇ ፈልፍላ፣ ከአመድ ጋር ቀላቅላ ቅል ውስጥ ትጨምርና አፉን በእበት ትመርገዋለች። ለማንም አትሰጥም። ዘመድ ሲለምናት እንኳ "ዛሬ ለዘር ይላል፣ ነገ ቆልቶ ይበላዋል" ብላ ትመልሰዋለች።

የምትሞላው ግን ሁለት ቅል ነው። አንዱ ጓዳ ይገባል። ሌላውን ከእኛና ከጎረቤታችን ግቢ መካከል ባለው የድንጋይ ካብ ላይ አስቀምጣ ትመለሳለች። ሲነጋ ቅሉ የለም። አንድ ጊዜ ለማን እንደሆነ ብጠይቃት "የነፍስ ነው፣ አትጠይቂ" አለችኝ። እኔም እናቴም ምጽዋት መሰለን፤ መንገደኛ ድሃ የሚያነሳው።

ጎረቤታችን በአያቴ ዕድሜ ያለች ባልቴት ናት። የተኳረፉት እኔ ሳልወለድ ነው። የሴትዮዋ ፍየሎች እሸቱ ላይ ሰፈሩበት፤ አያቴ የአንዷን እግር በድንጋይ ሰበረች። ከዚያ በኋላ ሰላምታ የለም። ቤተ ክርስቲያን እንኳ አንዷ በዚህ ጥግ፣ ሌላዋ በዚያ ጥግ ነው የሚቆሙት። የሁለቱም የንስሐ አባት አንድ ቄስ ነበሩ። ሊያስታርቋቸው ያልሞከሩበት በዓል የለም።

አያቴ ከፋሲካ በኋላ አረፈች። እኔ ሰቆጣ ልብስ እየሰፋሁ ነው የምኖረው፤ ተጠርቼ መጣሁ። ጎረቤታችን ቀብር ላይ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆማ አለቀሰች፣ ልቅሶ ቤት ግን አልገባችም። ሞትም አላስታረቃቸው ብዬ አዘንኩ።

ለአርባዋ ተዝካር ዝቋላ ወረዳ ያገባችው አክስቴ ቀድማ መጣች። እናቴ ጋን ልትዋስ መንደር ስትዞር፣ አክስቴ ጓዳ ገብታ ቅሉን አገኘችው። ዘር መሆኑን አላጣችውም። ከልጅነቷ ጀምሮ ሁለት ቅል ሲሞላ ስላየች፣ ሁለተኛው እዚያው ቤት ያለ መሰላት። "እናቴ በእጇ ያፈራችው ለነፍሷ ይሁን፤ በተዝካሯ የሰው እህል አይጠመቅም" ብላ አመዱን አበጠረች፣ ማሽላውን ለብቅል ነከረችው።

ከቀናት በኋላ ብቅሉን የሸፈነችበትን ቅጠል ገልጣ አሳየችን።

"እንዲህ የበቀለ ብቅል አይቼ አላውቅም፤ አንዲት ፍሬ አልቀረችም!" አለች።

እናቴ ብቅሉን አየች። "ማሽላውን ከየት አመጣሽው?"

"ከጓዳ፣ ከቅሉ ነዋ።"

"ያ እኮ ዘሩ ነው።"

"ሁለት አይደል የምትሞላው? አንዱ አለ ብዬ ነው።"

እናቴ ባለችበት ቁጭ አለች። አክስቴም ሲገባት ራሷን እየመታች እንደ አዲስ ማልቀስ ጀመረች። ዝናብ ቢኖር ብቅሉንም ቢሆን መሬት እናስይዘው ነበር፤ የግንቦት መሬት ግን አቧራ ነው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ጠላው ተጠመቀ፣ ተዝካሩ ወጣ። ቄሶቹ ጠላው ግሩም ነው ብለው መረቁን። እናቴ አልቀመሰችውም።

ሰኔ ሲጋመስ ዘነበ። መንደሩ በሬውን ጠመደ፤ የእኛ ማሳ ብቻ ባዶውን ቀረ። እናቴ ለገበያ ዘር መግዣ ብር በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ተነሳች። የዚያ ዘር መጨረሻ ምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ሌላ አማራጭ ግን አልነበረም። ከበር ስንወጣ ካቡ ላይ ቅል ተቀምጧል። ከካቡ ወዲያ ጎረቤታችን በምርኩዟ ተደግፋ ቆማለች።

"የእናትሽን አደራ ተረከቢኝ" አለች እናቴን። "ስትዘሩ አይቼ፣ እንደ ወትሮው ሌሊት ቅሉን ካቡ ላይ ልመልስ ብዬ ነበር። እናንተ ግን አልዘራችሁም።"

እናቴ ቅሉን አንስታ ነቀነቀችው፤ ፍሬው ውስጡ ተንሿሿ። እኔ ያየሁት አፉን ነው። እበቱ አልተነካም። አያቴ ስትመርገው የተጫነችበት የጣቶቿ ምልክት እንዳለ ደርቋል። ጣቴን በጣቷ ቦታ አስገብቼ አለቀስኩ።

"እንዴት እርስዎ ዘንድ?" አለች እናቴ። "ተኳርፋችሁ አልነበረም እንዴ?"

"ስለተኳረፍን ነዋ! ያስታርቁናል ያልናቸው አባ ይሄን መልእክት ይዘው መጡ። 'ዘር አንድ ቤት አይቀመጥም፤ ቤት ይቃጠላል፣ ይዘረፋል። የሚወደኝ ሰው እንደምምረው ስለሚያውቅ ይበላብኛል። እሷ ግን አደራ በላች ከምላት በረሃብ ብትሞት ትመርጣለች' ብላለች አሉኝ። ተናደድኩ። ግን እውነቷን ነው። በጦርነቱ ዓመት የልጅ ልጆቼ በረሃብ ሲያለቅሱ ይሄ ቅል ከራሴ በላይ ተሰቅሎ ነበር። አልነካሁትም። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ።"

እናቴ ቅሉን እንዳቀፈች "ይግቡ፤ እህል ይቅመሱ። እሷም አርፋለች፤ እኛ እንታረቅ" አለች።

ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች። "ከታረቅን ዘሩን ማን ይጠብቀዋል?" አለችና ምርኩዟን እየተከለች ወደ ቤቷ ተመለሰች።

በማግስቱ ዘራን። ዝናቡ እንደ ልማዱ ቀድሞ ወጣ፤ ማሽላው ቀደመው። ለአጨዳው ከሰቆጣ መጥቼ ነበር። እናቴ ማሳው ውስጥ ብቻዋን ገብታ ዛላ መረጠች። ወራት አልፎ ደግሞ ስመጣ ሁለት ቅል ሞልታ አገኘኋት። አንዱን ይዛ ስትወጣ ተከተልኳት። ጎረቤታችን ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ትሞቃለች። እናቴ ቅሉን ካቡ ላይ አስቀመጠች፣ "እንደምን አደሩ" ሳትል ፊቷን አዙራ ተመለሰች። እኔ ሰላም ልል አፌን ስከፍት ክንዴን ቆንጥጣ ጎተተችኝ።