ሳይታመሙ ቀብድ

"ሳልታመም ቀብድ? በሽታን መጥራት እኮ ነው!"

ዛሬ ሞላሌ ከተማ በጤና መድን ዓመታዊ መዋጮ ስብሰባ ላይ ጎረቤቴ ጋሼ ደምሴ ተነስተው እንዲህ ሲሉ ሰዉ በሳቅ አውካካ።

እኔ ግን እጄን አወጣሁ። (ጡረታ የወጣች አስተማሪም እጅ ማውጣት አትተውም።)

"ጋሼ፣ በሃምሳዎቹ ዓመተ ምህረት እናቴ ምጥ ሲጠናባት በቃሬዛ የተሸከማት ማን ነበር?" ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ እያለቀስኩ ከኋላ ተከትያቸዋለሁ።

"መንደሩ ነዋ፣ በየተራ! የፊቱን የያዝኩት እኔ ነኝ።"

"ያን ቀን እርስዎ ታመው ነበር?"

"ታምሜማ እንዴት እሸከማለሁ?" አሉ። በመንደራችን ጤነኛ ሆኖ ከቃሬዛ ተራ የቀረ ሰው፣ የራሱ ቀን ሲመጣ የሚያነሳው አያገኝም ነበር። ይህን ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።

"እሺ፣ መዝግቡኝ" አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ስብሰባውን ወደሚመራው የጤና ጣቢያ ኃላፊ ዞሩ።

"ግን ስማኝ ልጄ። ያኔ ክሊኒክ ስንደርስ መድኃኒት አልቋል ተብለን ሌላ ከተማ ድረስ ተሸክመናታል። አሁንም የመድን መታወቂያዬን ይዤ ስመጣ 'ከውጭ ግዙ' ካላችሁኝ፣ ምኑን መድን ሆነ?"

አሁን የሳቀ የለም። እኛም 'ከውጭ ግዙ' ተብለን የተመለስንበትን ቀን እናውቀዋለን። ኃላፊው አላስተባበለም፤ "እናስተካክላለን" ብሎ በሰው ፊት ቃል ገባ። እኔም ቃሉን ይዤዋለሁ።

በዚያ ቃሬዛ ተርፎ የተወለደው ወንድሜ ተነሳና ጋሼን ክንዳቸውን ደግፎ ወደ መዝጋቢዋ ወሰዳቸው።

የእናንተንስ ቤት ቃሬዛ ማን ያዘው? እስቲ ንገሩኝ።