በሽተኛ ፊት እጅ መታጠብ

አባቴ አንድ በሽተኛ ሊጠይቅ ገብቶ ክፍሉን ሙሉ ጠይቆ የሚወጣ ሰው ነው። ታላቅ ወንድሜ ዲማ ወረዳ ውስጥ ወርቅ ሲቆፍር ጉድጓዱ ተደርምሶ እግሩ ተሰበረ፤ ጋምቤላ ከተማ ሆስፒታል ተኝቶም ቀዶ ጥገና ተደረገለት። አባቴ ከሰፈራ መንደራችን በቆሎውን ትቶ መጣ። በየቀኑ ከበሩ ጀምሮ አልጋ በአልጋ እየጨበጠ፣ ትራስ እያቃና፣ «እግዜር ይማርህ» እያለ ነበር ወንድሜ ጋ የሚደርሰው። እኔ ጥግ ቆሜ በልቤ እስቅበታለሁ፤ ምርጫ የሚወዳደር ይመስላል።

ከወንድሜ ጎን ከፑኝዶ የመጡ አዛውንት ተኝተዋል። የእግራቸው ቁስል አልድን ብሎ ከርሟል፤ አስታማሚም የላቸውም። አባቴ ደግፎ ያስነሳቸዋል፣ የቆሸሸ አንሶላቸውን ይሰበስባል፣ ከዚያ ዞር ብሎ የወንድሜን ፋሻ ያስተካክላል። አንድ ቀን ነርሷ ጮኸችበት።

«አባባ፣ ስንቴ ልንገርዎ? ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄዱ እጅዎን ይታጠቡ!»

መታጠቢያው በሩ አጠገብ ነው፤ ሳሙናም አለው። አባቴ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ሰውየው እያዩኝ? ነክቻቸው ብታጠብ ተጸየፈኝ አይሉም? እኔስ እንዲህ ያለ ነውር አልሠራም» አለኝ። አዛውንቱ በምትቸግራቸው አማርኛ «አንተ ጥሩ ሰው» ይሉታል። እሱም ደስ ይለውና ደግነት ለራስ ነው ይለኛል።

የወንድሜ ቁስል መግል ያዘ። አንዱ መርፌ ተሞከረ፣ ተቀየረ፣ ሌላ ተጨመረ፤ ትኩሳቱ ግን አልወርድ አለ። በመጨረሻ ሐኪሙ ወደ ኮሪደር ጠራኝና የናሙናው ውጤት መምጣቱን ነገረኝ። ተህዋሲው እዚህ ያሉትን መድኃኒቶች ሁሉ ተላምዷል፤ አዛውንቱ ቁስል ላይ የተገኘውም ያው ነው።

«ብዙ ጊዜ በሰው እጅ ነው የሚሻገረው» አለኝ። «የማን እጅ እንደሆነ ግን ማወቅ አይቻልም። የእኛም ሊሆን ይችላል።»

እግሩ ካልተቆረጠ ወንድሜ አይተርፍም ነበር። ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ።

ይቆጨኛል። በእግሩ ይቆጨኛል፤ ከዚያ በላይ ግን ያ ሁሉ ደግነት እንዲህ ሆኖ መቅረቱ ያንገበግበኛል። ክፉ ሰው ቢሆን እሰድበው ነበር፤ አባቴን ምን ልበለው? ወንድሜም ውጤቱን ስነግረው መጀመሪያ የተናገረው «ለአባዬ እንዳትነግረው» የሚል ነበር። ቁስሉን ያመረቀዘው የዲማ ጭቃ ነው አልነው። አባቴ «ይሁን፣ ነፍሱ ተርፋለች» አለ። ያመነን መሰለኝ።

ወንድሜ ከሆስፒታል የወጣ ቀን ባጃጁ ደጃችን ላይ አቆመ። አባቴ ውጭ ቆሞ ይጠብቀናል። ወንድሜ ክራንቹን ገና አልለመደውም፤ እኔ ሻንጣውን ሳወርድ ተንገዳገደና እጁን ወደ አባቴ ዘረጋ።

«አባዬ፣ ያዘኝ!»

አባቴ ሊይዘው መጣ፤ ደረሰበትም። ከዚያ ሁለት መዳፎቹን አየና በሩ ጋ ወዳለው የውሃ ጀሪካን ዞረ።

«ቆይ ልጄ» አለው፣ «መጀመሪያ እጄን ልታጠብ።»