ጨው በዓይን

እናቴ ጨው የምትቀምሰው በዓይኗ ነው። ኧረ ስቀልድ አይደለም!

ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ትምህርት ቤት ውስጥ የኬሚስትሪ ላብራቶሪ ስታሰናዳ ኖራለች። ካቻምና ክፉ ጉንፋን ያዛትና ሲለቃት ጣዕም የሚባል ነገር ከምላሷ ይዞባት ሄደ። ታዲያ ለማን ትናገራለች? በልማድ ጨዉን ትነሰንሳለች።

አባቴ ደግሞ ከተጋቡ ጀምሮ ገና አንድ ማንኪያ እንደቀመሰ «ጨው አንሶታል» የሚል ጨቅጫቃ ነው። ከዚያ ጉንፋን ወዲህ ግን ዝም! አፍ የሚያቃጥል ጨው ያለበትን ሾርባ ጭልጥ ያደርግና «እጅሽ ይባረክ» ይላል። እኔ ሞኟ፣ ሰውዬው አርጅቶ አመሉ ተሻሻለ ብዬ ነበር። ሐኪሙ «ደም ግፊትህ ጨምሯል፤ ጨው ቀንስ» ሲለው ነው ነገሩ የገባን፤ ለካ እናቴ ጣዕም ጠፍቶባት፣ እሱም ያንን አውቆ እንዳይከፋት ብሎ ኖሯል የሚበላው።

እናቴ ድስቱን ወደ እኔ ገፋችው። «ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ሥሪ። ባሌን በገዛ እጄ ልገድለው ነበር» ብላ አለቀሰች። አንጀቴን በላችው። ያለ ማድ ቤቷ እሷ ምን ትሆናለች?

ጥቂት ቀን አኩርፋ ከረመችና አንድ ጠዋት ሁለት እርሳስ ከሁለቱም ጫፍ ቀረጸች። በሽቦ ከባትሪ ድንጋይና ከትንሽ አምፖል ጋር አገናኘቻቸው። «ለተማሪዎቹ የምናሳየው ይሄን ነበር» አለችኝ። ጫፋቸውን የተጣራ ውሃ ውስጥ ስትነክር አምፖሉ አልበራም። ስኳር ጨመረችበት፣ ወይ ፍንክች! በሌላ ብርጭቆ ጨው ስታሟሟ ግን ቦግ አለ።

«ጨው ሲሟሟ ኤሌክትሪክ ወደሚሸከሙ ቅንጣቶች ይበታተናል። ስኳር እንደዚያ አይሆንም» አለች። ጨው ሲበዛ ብርሃኑም ይበረታል።

ሐኪሙ በፈቀደው የጨው ልክ ሾርባ ሠራሁላትና የአምፖሉን ድምቀት በዓይኗ ያዘች። ከዚያ ራሷ መሥራት ጀመረች። አንድ ጭልፋ ቀድታ ታበርዳለች፣ ትኩሱ ያታልላላ። ሎሚም ስለሚያበራው መጨረሻ ላይ ነው የምትጨምረው። አይታ ስትጨርስ የለካችበትን ትደፋዋለች።

ምሳ ቀረበ። «አንተ ሰውዬ» አለችው፣ «ዛሬ እውነቱን ካልነገርከኝ ድስት ዳግመኛ አልነካም።»

አባቴ ቀመሰ። እኔን አየኝ፣ እሷን አየ።

«ጨው አንሶታል!» አለ።

እናቴ ፊቷን በሽርጧ ሸፈነች። ደነገጥኩ፣ ለካ እየሳቀች ነው። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«ተመስገን፣ ባሌ ተመለሰልኝ! በል ልመደው፣ ሌላ ጨው የለም» ብላ ሾርባ ደገመችለት።