መጨረሻ ላይ የሚነገር ዜና

የቆርቆሮ በር ሲንኳኳ ማን እንደመጣ ከድምፁ ይታወቃል። ዕቃ የፈለገ ደንበኛ በመዳፉ ይደበድበዋል። ክፉ ነገር ይዞ የመጣ ግን በጣቱ አንጓ፣ ቀስ አድርጎ፣ እንዳፈረ ሰው ነው የሚነካው። ዛሬ ፈጅር ሰግጄ የሽንኩርት ጆንያዎቹን ከበሩ ሳርቅ እንደዚያ ተንኳኳ። ሳልከፍት የእርጥብ ጋቢ ሽታ ገባ፤ ሌሊቱን ሲዘንብ ነበር ያደረው። የሰፈራችን ሽማግሌዎች ናቸው።

"ጋዜጠኛው፣ ከዓረብ አገር የምትጠበቀው ልጅ ትናንት ገብታለች። የእናቷን መርዶ አንተ ንገርልን" አሉኝ።

ጋዜጠኛ የሚሉኝ ሽንኩርት ስለምሸጥ አይደለም። አንድ ክረምት ባሕር ማዶ ጋዜጠኝነት ተምሬ ነበር፤ ከተማችን መርሳ ደግሞ አንዴ ያወጣችልህን ስም መልሳ አትወስድም። ጋቢዬን እስክደርብ ያ ክረምት እንዳለ መጣብኝ።

ያን ጊዜ ከአባቴ ጋር ነበር የምነግደው። ጠዋት ጠዋት ወልዲያ ላለች አንዲት ትንሽ የማኅበረሰብ ሬዲዮ እየደወልኩ የመርሳን ገበያ ዋጋ እነግራለሁ፤ ቲማቲሙ ስንት ገባ፣ ማሽላው ስንት ዋለ። ክፍያ የለውም፤ ድምፄን ግን በየሱቁ እሰማዋለሁ። አንድ ቀን የሬዲዮዋ ኃላፊ ጠራኝና፣ አንድ የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ከየአገሩ የገጠር ዘጋቢ ሰብስቦ በክረምት እንደሚያስተምር፣ እኔንም እንደመረጡኝ ነገረኝ። እንግሊዝኛዬ ወደ ላሊበላ ለሚያልፉ የቱሪስት መኪኖች ብርቱካን ስሸጥ በመስኮት በኩል የለቀምኩት ነው። እግባባበታለሁ፤ በተለይ ወሬው ስለ ብርቱካን ከሆነ።

አባቴ መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። መረቁኝና፣ "ዋጋውን አጣርተህ ንገር፤ ሰው አንተን አምኖ ነው ዕቃውን የሚሸጠው" አሉኝ። ሌላ ምክር አልነበራቸውም።

እዚያ የሰጡኝ ክፍል ፎቅ ላይ ነበር። መስኮቱ የአንድ መዳፍ ስፋት ያህል ይከፈትና ይቆማል፤ ሰው እንዳይወድቅ ነው አሉኝ። በዚያች ክፍተት የታጨደ ሣር ሽታ ይገባል፣ የብስክሌት ደወል ይገባል፤ የሚወጣ ነገር ግን የለም። ፀሐይዋም አትጠልቅም። መምሸቱን እንዳልነገሩት እንግዳ ቁጭ ብላ ትቀራለች። የመመለሻ ትኬቴ ለትምህርቱ ማብቂያ ተቆርጧል፤ አይለወጥም፣ አይመለስም።

አስተማሪያችን ፀጉሯ የነጣ፣ ቀይ እስክሪብቶ ከእጇ የማይለያት ሴት ነበረች። የከተማውን ገበያ ዘግቡ ብላ ላከችን። እኔ ከሻጯ ሰላምታ ጀመርኩ፤ ወደ ጤናዋ፣ ከዚያ ወደ ልጆቿ፣ ከዚያ ወደ አየሩ አለፍኩ። አስተማሪዋ ገጹን ሙሉ ሰረዘችውና፣ "ጉዳዩ የታለ?" አለችኝ።

"በኛ አገር ሰላምታ ሳይጠግብ ጉዳይ የሚያነሳ ወይ ፖሊስ ነው ወይ ግብር ሰብሳቢ" አልኳት።

ሳቀች። ከዚያ ሰሌዳው ላይ፣ ዋናው ነገር መጀመሪያ፣ ብላ ጻፈች። "ሰው ከሞተ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይሙት" አለች። ሁሉም ጻፈው፤ እኔም ጻፍኩት።

ቤት በየሳምንቱ እደውል ነበር። አንድ ሳምንት የእናቴን ስልክ ጎረቤታችን አነሳችው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ አለብህ። ይህች ሴትና እናቴ በመስኖ ውሃ ተራ ከተኳረፉ ብዙ ዘመናቸው ነው። መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዷ ወደ አጥሩ ትዞራለች፤ አንዷ ካረባችው ዶሮ እንቁላል ሌላዋ አትገዛም። ያቺ ሴት ናት ከእናቴ ስልክ ውስጥ፣ "ደህና ነህ ወይ ልጄ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን" የምትለኝ። ከኋላዋ የብዙ ወንድ "አሚን" ይሰማል። እነዚያን ሁለት ሴቶች አንድ ጣሪያ ሥር የሚያስገባ ነገር አንድ ብቻ ነው።

"አባዬስ?" አልኳት።

"ግራና ሄደዋል፣ ለገበያ።"

ቀኑ የግራና ገበያ ቀን አልነበረም። አባቴ ደግሞ ገበያ በሌለበት ቀን ግራና ሄደው ድንጋይ የሚያዩ ሰው አልነበሩም።

ስልኩን ዘግቼ መስኮቱን ገፋሁት። ያው አንድ መዳፍ ነው።

በኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ሰው ብቻውን እያለም አይነገርም። ቤቱ እስኪገባ፣ እስኪበላ፣ እስኪተኛ ይጠበቃል። ማለዳ ላይ ሰው ከቦት፣ ወሬው ከሩቅ ተጀምሮ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ አገር ምድሩ ለኔ ብሎ ይዋሻል። እኔ ደግሞ በየጠዋቱ ሰውን እንዴት በጥያቄ እንደሚያፋጥጡት እማራለሁ።

አስተማሪዋ፣ ወሬ ሁለት ምንጭ ከሌለው ዜና አይደለም ብላን ነበር። እሱን ይዤ ተንጠለጠልኩ። ያለችኝ ምንጭ አንድ ናት፤ እሷም ግራና ናቸው ብላለች። እንግዲያ አባቴ ደህና ናቸው። እንዲህ እያልኩ እተኛለሁ፤ ስነቃ ደግሞ ሞተዋል።

በሚቀጥለው ሳምንት እናቴ ራሷ አነሳች። ድምፅዋ ሻክሯል። ጉንፋን ነው አለች።

"እማዬ፣ አንድ ነገር ብጠይቅሽ እውነቱን ትነግሪኛለሽ?" አልኳት።

ትንፋሿ ይሰማኛል፤ ከኋላዋ ጣሪያው ላይ ዝናብ ይወርዳል። ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር። ከዚያስ? እኔ እዚያች መስኮት ሥር ብቻዬን፤ እሷ ደግሞ፣ ልጄን የሚይዘው ሰው በሌለበት ጣልኩት እያለች።

"ጠይቀኝ" አለች በመጨረሻ።

"ዝናቡ እንዴት ነው?" አልኳት።

ረጅም ትንፋሽ አወጣች። "አልሐምዱሊላህ፣ ዝናቡስ ደህና ነው" አለች። ከዚያ ስለ ጎርፉ፣ ስለ ማሽላው፣ ስለሚያፈሰው ጣሪያ አወራችኝ። እናቴ ስለ ዝናብ እንዲያ ስታወራ ሰምቼ አላውቅም።

ትምህርቱ አለቀ፣ ወረቀት ሰጡን፣ ተጨበጨበ። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ስመጣ ውርጌሳ ላይ አጎቴ መንገድ ዳር ቆመው ጠበቁኝ። "ደክሞሃል፤ እኔ ጋ እደርና ጠዋት አብረን እንገባለን" አሉ። መርሳ እኮ ከዚያ ጥቂት መንገድ ናት። ሻንጣዬን ግን ቀድመው አውርደውታል።

ራት ቀረበ። ቤተሰቡ ሁሉ አፌን ያያል። "ብላ እንጂ፣ ይችን ብቻ፣ በሞ..." ይሉና አጎቴ ቃሉን ይውጡታል። ከሰማ በኋላ እህል አይወርድለትም ብለው ነው። እኔ ደግሞ እንዳወቅሁ እንዳይነቁብኝ እጎርሳለሁ። እነሱ ለኔ ሲሉ፣ እኔ ለነሱ ስል፣ ያን ሁሉ ወጥ ጨረስነው። መኝታዬ ላይ ሆኜ የፈራሁት ሌላ ነበር። ነገ ሲነግሩኝ እንባ እምቢ ቢለኝስ? የቆየ ዜና እንደ አዲስ እንዴት ይለቀሳል?

ጎህ ሲቀድ በሩ በጣት አንጓ ተንኳኳ። የመርሳ ሰዎች ገቡ፣ ከኋላቸው ጎረቤታችን። እናቴ የለችም። ባሏ የሞተባት ሴት የሐዘን ወራቷን፣ ኢዳዋን፣ ሳትጨርስ ከቤቷ ርቃ አትሄድም። አለመምጣቷ ሁለተኛ ምንጭ ሆነኝ።

ከበቡኝ። አጎቴ ከዝናቡ ጀመሩ። ወደ አዝመራው አለፉ፣ ከአዝመራው ወደ ሰጪው፣ ከሰጪው ወደ ወሳጁ። አስተማሪዬ ብትኖር ቀዩ እስክሪብቶ ያልቅባት ነበር። ከዚያ ቃሉ ጋ ሲደርሱ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። "አባትህ..." አሉ።

አባቴ የሞቱት ያን ጊዜ ነው። አውቄ ነበር እንጂ ማንም አልነገረኝም ነበር። እንባዬን መፍራቴ ትዝም አላለኝ። ወደ መሬት ስሄድ ብዙ እጅ ያዘኝ፤ ከሁሉም ጠበቅ ያለው የጎረቤታችን ክንድ ነበር፤ የልብስ ሳሙና ይሸታል።

ወደ ሬዲዮው አልተመለስኩም። ሱቁ ሰው ይፈልግ ነበር፣ እናቴም ሰው ትፈልግ ነበር። ያ ምስክር ወረቀት ከሚዛኑ በላይ ተሰቅሎ ዝንብ ያርፍበታል።

ዛሬ ልጅቷ ወዳደረችበት የዘመድ ቤት ስንገባ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ አገኘናት። የመጣችበትን ልብስ አልቀየረችም። ማታ ራቷን ሳትለመን በላች አሉኝ። ዓይኗን አየሁት፤ ታውቃለች። እዚያ ማዶ፣ የሰው ቤት ውስጥ፣ ብቻዋን ደርሳበታለች፤ ስንት ጊዜ እንደተሸከመችው አላህ ይወቅ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ልጨርሰው እችል ነበር። ሴቶቹ ተጠግተው ትከሻዋ በትከሻቸው እስኪያዝ ጠበቅሁ።

"ልጄ፣ ሌሊቱን እንዴት ያለ ዝናብ ጣለ" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። "ለማሽላው ይበጃል?" አለች፣ በቀጭን ድምፅ።

"ይበጃል" አልኳት፤ ከማሽላው ጀመርኩላት።