የአርዲስ ጠመንጃ ከመድኑ የወጣ ጊዜ

የወንድሜ የኤልድን ሚስት ቬርና በሞንታና በረዶ ላይ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ እጇ የማይንቀጠቀጥ ሴት ናት። አንዲት ትንሽ ጠመንጃ ስታይ ግን ዓይኗ ደም ይለብሳል። ጠመንጃዋ የአርዲስ ነበረች፤ የኤልድን የመጀመሪያ ሚስት፣ ነፍሷን ይማርና። ሰደፉ ላይ ስሟ ተቀርጿል።

ኤልድን በመሣሪያ ነገር ውሃ ቀጠነ ባይ ነው። የቤት መድን ለተሰረቀ ጠመንጃ የሚከፍለው ጥቂት ስለሆነ፣ ጥሩ ጥሩዎቹን ለየብቻ ዋጋ አስተምኖ ያስመዘግባል። በየዓመቱ የአደን ወቅት ሊከፈት ሲል ሁሉንም ከካዝናው አውጥቶ አልጋ ላይ ያጋድማል፤ በግራም በቀኝም ፎቶ ያነሳቸዋል፤ መለያ ቁጥራቸውን በአጉሊ መነጽር እያነበበ ይጠራል። የእሱ ጽሕፈት ዶሮ የጫረው ስለሚመስል የምትጽፈው ቬርና ናት። ጣውንቷን በገዛ እጇ!

ያን መስከረም እኔም እነሱ ቤት ድንች እየላጥኩ ነበር።

«የአርዲስን ሦስት ሺህ ዶላር በይው» አላት።

«አምና እኮ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ነበር።»

«ዋጋው ጨምሯል።»

«ሞታም ዋጋዋ ይጨምራል! የእኔስ ጠመንጃ?»

«ያንቺ ከቤት ዕቃው ጋር ይታሰባል።»

«ከመጥበሻውና ከምንጣፉ ጋር በለኛ!»

ሳቄ አመለጠኝ።

«አንቺ ደግሞ ምን ያስገለፍጥሻል፣ ኖሪን? ድንችሽን ላጪ!» አለኝ ኤልድን።

ወንድሜን በጥፊ ባጮለው ደስ ባለኝ። የሞተች ጣውንት ክፉ ናት፤ አታረጅም፣ አትነጫነጭም፣ ወጥ አታሳርርም። ቬርና በየዓመቱ ስትወፍር አርዲስ ፎቶዋ ላይ ያው ሸንቃጣ ናት። አርዲስን እኔም እወዳት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን እሷም ትነጫነጭ ነበር።

ቬርና ለመድን ወኪሉ የሚላከውን ወረቀት ስትገለብጥ የአርዲስን ጠመንጃ ዘለለችው። ኤልድን ሚስቱን ስለሚያምን ሳያነብ ፈረመ። ሳምንት ሳይሞላ ለእኔ ነገረችኝ።

«አብደሻል? አሁኑኑ መልሺው!» አልኳት።

«አንድ ክረምት እንኳ ያለ እሷ ልኑር። ከዚያ እመልሰዋለሁ።»

አልመለሰችውም። በጥር የከተማችን ልጆች ቅርጫት ኳስ ሲጫወቱ ሁላችንም ጨዋታው ላይ ነበርን። ሌቦች የኋላውን በር ገንጥለው ገቡና ካዝናውን እንዳለ በሰንሰለት ጎትተው በፒክአፕ ጭነው ሄዱ። አንድ ጠመንጃ አልቀረም።

በማግስቱ የመድን ወኪሉ ድዋይት መጣ። ማእድ ቤት ተቀመጠና ወረቀቱን ዘርግቶ አንድ በአንድ አነበበ።

«የአርዲስን ዘለልከው» አለ ኤልድን።

«እሱማ መስከረም ላይ ከዝርዝሩ ወጥቷል። የሸጥከው መስሎኝ ነበር። ካልተመዘገበ እኮ፣ ኤልድን፣ የምናገኝልህ ነገር እዚህ ግባ አይባልም።»

ቬርና ክው አለች። ኤልድን ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበው። የሚስቱን ጽሕፈት ከላይ እስከ ታች አየ፤ እንደገና አየ። ፊቱ ሲቀላ ጠረጴዛውን ይገለብጠዋል ብዬ ወንበሬን ወደኋላ አሸሸሁ።

«እኔ ነኝ ያስወጣሁት» አለ።

«አንተ? በየዓመቱ ዋጋ ጨምርልኝ እያልክ ስትነዘንዘኝ የኖርከው?»

«መክፈል ሰለቸኝ አልኩህ። የቀሩትን አንብብ።»

ድዋይት ሲሄድ ኤልድን ወደ ውጭ ወጣ። በመስኮት አየሁት፤ ከፈረሶቹ ጋጣ አጠገብ፣ ጀርባውን ለቤቱ ሰጥቶ ቆሟል። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ከፎቶዋ ሌላ ከአርዲስ የቀረችው ያቺው ጠመንጃ ብቻ ነበረች።

«ሂጂ፣ እግሩ ላይ ውደቂ!» አልኳት።

ቬርና ጉንጯ በእንባ ርሶ ወደ እኔ ዞረች።

«ዋሸልኝ፣ ኖሪን። ሰማሽው አይደል? ኤልድን እኮ ዋሸልኝ!»

«ሰማሁ።»

«ለእሷ ዋሽቶላት ያውቃል?»

ሠላሳ ዓመት ወደኋላ አሰብኩ። አንድም ጊዜ አላገኘሁም።

«አያውቅም» አልኳት።

ፊቷ እንደ ሙሽራ ፈካ። ካፖርቷን ደርባ ወደ ባሏ ሮጠች፤ እኔ ደግሞ ማእድ ቤት ቁጭ ብዬ፣ በሟቿ ፋንታ፣ በቅናት አረርኩ።