ሮላንድ ያልተናገረው አቋም

ሮላንድ ቲቦዶ በአሜሪካ ለሜይን ክፍለ ግዛት ምክር ቤት ሲወዳደር በየቤቱ መዞሩን ዞሯል፤ ንግግር ግን አላደረገም። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ በር ሲከፈትለት ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው የተላጠ ሽቦ ላይ ነው። «ይሄ እንዲህ ሆኖ ነው የምትተኙት?» ይልና መፍቻውን ያወጣል። ጠግኖ ሲጨርስ አመስግነው ይሸኙታል። አቋምህ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ እሱም ይህ ተመችቶታል።

አቋም ሳይኖረው ቀርቶ አይደለም። መንገዱ በረዶ ሳይጥል ይጠገን፣ ለአቅመ ደካሞች የሚሰጠው የማሞቂያ ነዳጅ ድጎማ ይጨመር ይላል። ይህን በራሪ ወረቀቱ ላይ ቁልጭ አድርጎ ጽፎታል። ትምህርት ቤት ላይ ሲደርስ ግን «ለልጆቻችን ትምህርት እቆማለሁ» ብሎ አለፈው። የሚያምንበት ሌላ ነበር፤ የመንደሩ ትንሽ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆቹ ቤተ ሙከራ ወዳለው ትልቁ ትምህርት ቤት በአውቶቡስ ቢሄዱ ይሻላቸዋል ባይ ነው።

አንድ ቀን ሚስ ቨርና ሃስኬል ቤት ደረሰ። ሚስ ሃስኬል ዕድሜያቸውን በሙሉ በዚያ ትምህርት ቤት ያስተማሩ፣ እሱንም ማንበብ ያስተማሩት ሴት ናቸው። የበረንዳቸው መብራት አልበራ ብሏል። ሮላንድ መሰላል ላይ ወጥቶ፣ ብሎኖቹን በጥርሱ ይዞ ሲሠራ ከታች ሆነው ያወሩታል።

«ሮሊ፣ በልጅነትህም ከፍ ያለ ነገር ካየህ ሳትወጣበት አታልፍም ነበር።»

«እምም።»

«አንተ እያለህማ ትምህርት ቤታችንን ማንም አይዘጋውም! ለሁሉም እነግርልሃለሁ።»

መልስ እንዳይሰጥ አፉ በብሎን ተይዟል። ብሎኖቹን አስሮ ሲጨርስ ግን አፉ ባዶ ነበር። «አሁን ይበራል ሚስ ሃስኬል» ብቻ ብሎ ወረደ።

እሳቸውም እንዳሉት አደረጉ። «ሮሊ ትምህርት ቤቱን አያስነካም፤ ዋሱ እኔ ነኝ» እያሉ መንደሩን አዳረሱት። ሮላንድ ወሬው ደርሶታል። ሄጄ እነግራቸዋለሁ፣ ዛሬ ነገ እያለ ምርጫው ደረሰና አሸነፈ።

በረዶው ሲቀልጥ የትንንሽ ትምህርት ቤቶች ድጎማ ይቋረጥ የሚል ረቂቅ ሕግ ለምክር ቤቱ ቀረበ። ሮላንድ እንዳመነበት ደግፎ ድምፅ ሰጠ። ረቂቁ ጸደቀ፤ ትምህርት ቤቱም እንዲዘጋ ተወሰነ።

ከዚያ በኋላ ነው ሚስ ሃስኬል ቤት የሄደው። በሩን ከፈቱለት እንጂ ግባ አላሉትም።

«ተቀይመውኛል» አለ።

«በትምህርት ቤቱ መዘጋት? ከሚያፈስ ጣሪያው ሥር ባልዲ ስደረድር የኖርኩት እኔ አይደለሁ እንዴ? ብትነግረኝ እንጨቃጨቅ ነበር። ተጨቃጭቀንም እመርጥህ ነበር።»

«ታዲያ ምን…»

«ሰው ፊት ውሸታም አደረግኸኝ ሮሊ። ፖስታ ቤት ስገባ ወሬው ቀጥ ይላል።»

«ለሁሉም እነግራቸዋለሁ።»

«አሁን?» አሉና በሩን ቀስ ብለው ዘጉት።

ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ መንደርተኛው ተሰብስቦ የሚበላው የቦሎቄ እራት ነበር። ከዚህ እራት ቀርተው የማያውቁት ሚስ ሃስኬል አልመጡም። ሮላንድ ሁሉም መብላት ሲጀምር ብድግ አለ።

«አንዴ ስሙኝማ። ሚስ ሃስኬል አልዋሹም። አቋሜን የደበቅኳቸው እኔ ነኝ። ያኔም ይዘጋ ባይ ነበርኩ፣ ዛሬም ነኝ።»

የበረዶ ጠራጊው መኪና ሾፌር ክላይድ ከጥግ ሆኖ፣ «ምርጫው ሲያልፍ ጀግና ሆንክ!» አለ። ጥቂቶች ሳቁ። ክላይድ ቀጠለ፤ «በል ተቀመጥ፣ ቦሎቄው ቀዘቀዘብህ።»

ሮላንድ አልተቀመጠም። ምግብ ወደምታወጣው ወደ ሉሲል ሄዶ፣ «ለሚስ ሃስኬል አንድ ሳህን አውጪልኝ፤ ላድርስላቸው» አላት።

ሉሲል ቦሎቄውን ሞላ አድርጋ ጨለፈች፣ ዳቦ ጨመረችበት፣ ሸፈነችው። እጁን ዘረጋ። እሷ ግን ሳህኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ካፖርቷን ደረበች።

«እኔ አደርስላቸዋለሁ» አለችው። «ያልከውንም እነግራቸዋለሁ። አንተ እራትህን ብላ።»