የአያቴ ጠማማ ግድግዳ

ዛሬ እዚህ ቡሬ፣ የአያቴን ጠማማ ግድግዳ ላቃና መዶሻዬን ባሳርፍበት ክንዴ እስከ ትከሻዬ ውስጡ ገባ።

ከኋላው ሌላ ግድግዳ አለ። በሁለቱ መሐል ደግሞ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ የጭቃ መደብ፣ ከመቀመጥ ብዛት የለሰለሰ።

አያቴ ይህን ግድግዳ በጣሊያን ጊዜ ደቦ ሳይጠሩ ብቻቸውን መረጉት። ብቻውን የሚመርግ ሰው በእኛ አገር አንድ ስም ብቻ አለው፦ ለደቦው ጠላ የሰሰተ። እኔ ራሴ ትምህርት ቤት "የስስታሙ ልጅ" ተብያለሁ። አልቅሼ ስገባ አያቴ ግድግዳውን መታ መታ አድርገው፣ "አልወደቀም እኮ" ይሉኝ ነበር።

ዘጠና ያለፋቸውን የአያቴን ልጅ፣ አክስቴን፣ ደግፌ አመጣኋቸው።

"እትዬ፣ ይኼ ምንድን ነው?"

"የአጎቴ መደበቂያ ነዋ። አርበኛ ነበር፤ ቆስሎ መጣ። አባቴ ደቦ ቢጠሩ መንደሩ ሁሉ ያውቅ የለ? መግቢያውንም በእህል ጎታ ጋረዱት።"

"ታዲያ ጣሊያን ሲወጣ ለምን አልተናገሩም?"

"ጣሊያን ይመለስ ይሆናል ብለው።"

(አያቴ ያረፉት ጣሊያን ከወጣ ከአርባ ዓመት በኋላ ነው። ጥንቁቅ ሰው ነበሩ።)

ግድግዳው እንደጠመመ ይኖራል፤ የምደፍነው የራሴን ቀዳዳ ብቻ ነው። ለቀረው ቤት እሑድ ደቦ ጠርቻለሁ። ጠላው የአያቴ ነው፤ ስስታም ያላችኋቸው ሁሉ መጥታችሁ ጠጡላቸው።

በእናንተስ ቤት የጠመመ ነገር አለ? ከማቃናታችሁ በፊት አንድ ትልቅ ሰው ጠይቁና የሰማችሁትን እዚህ አጫውቱን።